የአሮጌ ፒካፕ የቤንዚን ግፊት እንዴት ይተነፍሳል?

በአራዳ፥ ከፒያሳ ወረድ ሲሉ፥ እሪ በከንቱ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ ተማሪ የለም። ስሙ የወጣው፥ በዚያ ወንበዴ የያዘው ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ቤንዚን በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከተረጨ በኋላ የሚሰማውም እሪታ እንዲሁ ከንቱ ነው። በየግቢው የፒካፕ ፊልትሮ የሚለውጠው ብዙ ጊዜ ባለሙያ ሳይሆን የቤቱ ልጅ፥ ማለት እኛው ስለ ሆንን፥ ጥንቃቄውን አስቀድመን እንማር።

በካርቡሬተር የሚሠራ ፒካፕ የነዳጅ ግፊቱ አነስተኛ ነው። ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጨው ግን በቱቦው ውስጥ ከ2.5 እስከ 3 ባር የሚደርስ ግፊት ይይዛል። ሞተሩ ሲጠፋም ግፊቱ ወዲያው አይጠፋም፤ መኪናው በኋላ ቶሎ እንዲነሣ በፓምፑ ያለው ቫልቭ ያግደዋልና። ቱቦውን በድንገት የፈታ ሰው ቤንዚኑን በዐይኑ ይቀበላል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቤንዚን ቶሎ ይተንናል። ቁልቁለት በሆነ ግቢ፥ ከታች በኩል የቡና ከሰል የተቀጣጠለ እንደ ሆነ አደጋው ከዚያ ይነሣል።

እንግዲህ ሥራው በተራ እንዲህ ነው፦

1ኛ. ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ሜዳ ላይ ማቆም፤ ማርሹን ነጻ አድርጎ የእጅ ፍሬን መሳብ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይኑር። ቤንዚን በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውሃ እሳቱን ያስፋፋዋል።

2ኛ. የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ ማስተንፈስ።

3ኛ. የነዳጅ ፓምፑን ብቻ የሚያቋርጠውን ፊውዝ ወይም ሶኬት መንቀል። በአንዳንድ መኪና አንዱ ፊውዝ ለኢንጀክተሮቹም ጭምር ነው፤ እርሱ ከተነቀለ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ ግፊቱ እንዳለ ይቀራል። ብዙዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው።

4ኛ. ሞተሩን አስነሥቶ በራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ፤ ደግሞም ለጥቂት ሰከንድ በሞተሪኖ ማዞር።

5ኛ. ቁልፉን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ መፍታት።

6ኛ. መነጽር አድርጎ፥ መጋጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከሥር የቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጦ በዝግታ ማላላት። ግፊቱ ቢወጣም በቱቦው የቀረ ቤንዚን መፍሰሱ አይቀርም።

ሲገጠም የመዳብ ሮንዴላዎቹ በአዲስ ይለወጡ። የፈሰሰው ተጠርጎ፥ ትነቱ በንፋስ ከሄደ በኋላ ባትሪውና ፓምፑ ይመለሱ፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም ቁልፉን ደጋግሞ ከፍቶ በመዝጋት የሚያፈስ መኖር አለመኖሩ ይታይ።

ይህ ትምህርት ለናፍጣ መኪና አይሆንም። በአዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ግፊቱ ከ1000 ባር ስለሚበልጥ ጭረቱ ቆዳ ይበሳል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም ሰውየው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

 ጎረቤት «ምን ያንቀረፍፋችኋል?» ቢለን፥ የሚንቀረፈፍ ሰው እሪ አይልም ብለን እንመልስለት።