ሒማ እና የደንቆሮ ጫካ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዚህ እትም ደርሳችን ስለ ሒማ ነው። ሒማ ማለት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከግጦሽና ከምንጣሮ የተከለለ መሬት ነው። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ስለ መሬት ማቅናት ከሚያወሳው ባብ አጠገብ የሚገኝ አጭር ርዕስ በመሆኑ ብዙዎቻችን ቶሎ እናልፈዋለን። መካነ ሰላም ላይ ለምንማር ግን የሚታለፍ አይደለም፤ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው፣ ከከተማችን ብዙም አይርቅም። (ከስሙ ውስጥ ወረሂመኖ የሚለው ኢማሞች ያስተዳድሩት የነበረ አገር መሆኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።)

ሒማ ከኢስላም በፊትም ነበር፤ ግን የጉልበተኛ ነበር። ኢማሙ ሻፊዒይ እንደጠቀሱት በጃሂሊያ ዘመን አንድ የጎሳ አለቃ ለም መሬት ሲያገኝ ከፍታ ላይ ውሻ ያስጮህና ጩኸቱ እስከተሰማበት ድረስ ያለውን ግጦሽ ለራሱ ብቻ ይከልል ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አስቀሩ፤ ከአላህና ከመልእክተኛው በቀር ሒማ የሚያደርግ የለም የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ ቡኻሪ ዘግበውታል። እሳቸው አን-ነቂዕን የከለሉት ለሙስሊሞች ፈረሶች ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ሸረፍንና ረበዛን ጨመሩ።

ዑመር ሁነይ የሚባለውን አገልጋያቸውን የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙ የሰጡት ትዕዛዝ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነው። የተበዳይን ዱዓእ ፍራ አሉት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን አታስገባ አሉት። ምክንያቱንም ነገሩት፤ የእነዚህ ሀብታሞች ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ ያኔ ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ሣርና ውኃ መስጠት ይቀለኛል። አስተውሉ፦ የተከለከሉት ሁለቱ በጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ናቸው። ክልከላው ከላይ ጀመረ።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ፓርኩ ከባሕር ወለል በላይ ከ1900 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 3700 ሜትር ይደርሳል። ታች ጥድና ወይራ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ጫፉ ላይ ጓሳና ጅባራ። ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ነብር አለበት፤ ከሁሉም በላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ከጎጃም ጮቄ ላይ ጠፍቷል፤ ከጉና ተራራም ጠፍቷል።

ሙቀቱ ምን ያደርገዋል? የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነንና በስሌት እናሳይ። 1000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አገሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ 3200 ሜትር ላይ የነበረው ብርድ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይሸሻል። ጫፉ 3700 የሆነን ተራራ እንደ ሾጣጣ ብንወስደው ከብርዱ ወሰን እስከ ጫፍ የነበረው 500 ሜትር ወደ 350 ይወርዳል። የሾጣጣ ስፋት የሚቀንሰው በከፍታው ካሬ ነውና 0.7 ሲባዛ በ0.7፣ 0.49 ይሆናል። በአንድ ዲግሪ ግማሹ አገር ሄደ ማለት ነው። እውነተኛ ተራራ ሾጣጣ አይደለም፤ ሜዳ አለው፣ ገደል አለው፤ የነገሩ አካሄድ ግን ይኸው ነው። ብርዱ ሲሸሽ ገብስ ይከተላል። መሬት ያጠረው ወጣት ገበሬ ሙቀቱ ባይኖርም ወደ ላይ መውጣቱ አልቀረም፤ በኢትዮጵያ ከ3200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶው ታርሷል።

አንዳንድ እረኛ ቀበሮውን ግልገል ይበላል ብሎ ይጠላዋል። አልፎ አልፎ ይነካል፤ ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ገብሱን የሚበላውን የሚበላለት እሱ ነው።

ታዲያ በሒማ ሚዛን ምን ይታያል? ከቀደሙት አባቶች መንዝ ላይ ጓሳን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ በድርቅ ጊዜ ከፍተው ለነዋሪው ያካፍሉ ነበር። ይህ ለዑመር ትዕዛዝ ይቀርባል። ደንቆሮም ሲከለል ሁለት ላም ያላትን መበለትና መቶ በግ የሚነዳውን በአንድ ዐይን ያየ እንደሆነ፣ ጥበቃው ሒማ መሆኑ ቀርቶ የጃሂሊያው የውሻ ጩኸት ይሆናል። ጫፉ ላይ ላለው ጓሳ ግን ለማንም መራራት የለብንም ብለን እናምናለን፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለምና።

ከእኛ አቅም የማይወጣ አንድ ነገር አለ፤ ውሻ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተሻግሮ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ገድሏል። ሸሪዓችን ውሻ ለእረኝነት፣ ለእርሻና ለአደን እንዲያዝ ፈቅዷል፤ ያለ ምክንያት የያዘው ግን በየቀኑ ከአጅሩ ይቀነስበታል። ስለዚህ በፓርኩ ዳር ላለ መንደር መልእክቱ ቀላል ነው፦ የማያስፈልግ ውሻ አይያዝ፣ የሚያስፈልገው ይከተብ፣ ወደ ጓሳው ይዞ አይወጣ። ከመንደሩ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ልጆቻቸውም ይተርፋሉ። የዚያ አካባቢ ልጆች የሆናችሁ ለእረፍት ስትሄዱ ከጁሙዓ በኋላ ከመስጂዱ ኢማም ጋር ተነጋገሩ፤ የወረዳው እንስሳት ሐኪም ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ጠይቃችሁ ሚንበር ላይ እንዲነገር አድርጉ።