ተፈጥሮን መራቅ ምን ያሳጣናል?

በዛሬው ትምህርታችን የሰው ልጅ አእምሮው ሰላም እንዲያገኝ ከተፈጥሮ ጋር መገናኘት ለምን እንደሚያስፈልገው እንመለከታለን።

እኔ በቢቸናና በሞጣ የምሠራ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። የማነጋግራቸው ብዙዎቹ ተማሪዎች ከገጠር መጥተው፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ እያመጡ የሚማሩ ናቸው። «ከተማ ከገባሁ ወዲህ ይጨንቀኛል፤ ባጠናም አይገባኝም» ይሉኛል። አንዳንዱ ጭንቀቱን ለመርሳት ብሎ አረቄ ቤትና ጫት ቤት ይለምዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ በስካር መንፈስ ጥንቃቄ ይረሳል፣ ኤች አይ ቪም በር ያገኛል።

ለመሆኑ ተፈጥሮ ለዚህ ምን ይረዳል? ስቲቨንና ራቸል ካፕላን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ስናጠና ሐሳባችንን አንድ ነገር ላይ ለማቆየት አእምሯችንን እናስገድደዋለን፤ ስለዚህ ይደክማል። ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ውኃ ሲወርድ ማየት ግን ትግል ስለማይጠይቅ አእምሮ ያርፋል። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮት ዛፍ ይታያቸው የነበሩ ሕሙማን ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ከሆስፒታል እንደወጡ አሳይቷል። በእንግሊዝ ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ በሳምንት 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች «ጤንነቴም ኑሮዬም ደህና ነው» የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ሰዓቱ በአንድ ጊዜ ቢሆን ወይም ቢከፋፈል ልዩነት አልታየም።

«ታዲያ 2 ሰዓት ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጡ በማሳው መካከል በእግር የምትሄዱት መንገድ አንዱ ነው። በአካባቢያችን አብዛኛው መሬት ታርሶ ሳለ፣ ወይራና ጥድ ተጠብቆ የቆየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። እዚያ የማትሄዱም ብትሆኑ የትምህርት ቤታችሁ ዛፍ ጥላ የሁላችሁም ነው። ጥላ ከሌለው ደግሞ በክረምት ችግኝ ትከሉ።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ በተለይ እናንተ ሴቶች፣ ሰዋራ ቦታ ብቻችሁን አትሂዱ፤ በቀን፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ይሁን። ሁለተኛ፣ ዛፍ ሥር መቀመጥ መንፈስን ያድሳል እንጂ መድኃኒትን አይተካም። ቫይረሱ በደማችሁ ያለ ወጣቶች መድኃኒታችሁን ሰዓቱን ጠብቃችሁ ውሰዱ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

በክበባችሁ ተወያዩበት፦
1. ሲከፋችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወዴት ነው? ለምን?
2. ከትምህርት ቤታችሁ ሳትርቁ የምታርፉበት አረንጓዴ ቦታ የት አለ? ከሌለስ ማን ይጀምረው?