ግጥም የሌለውን አልበም እንዴት እንስማ?

በአማርኛ ያደገ ጆሮ ዘፈን ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው ቃሉን ነው። ዘፋኙ ምን አለ? ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ? ለማን ነው የተባለው? ወላጆቻችን አንድን ዘፈን ሲያደንቁ ከሁሉ በፊት ግጥሙን ያነሳሉ፤ ዜማውና ባንዱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ልጁ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ማንም የማይዘፍንበትን ሙዚቃ አንድ ሰዓት ያህል ሲሰማ ያየ አባት "ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?" ብሎ ቢጠይቅ ቀልድ አይደለም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህን ሙዚቃ ቀን ከሌት የሚሰሙ ብዙ ተማሪዎችም ቢጠየቁ "ዘና ያደርጋል" ከማለት አልፈው የሚመልሱት የላቸውም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ መልሱን መፈለግ ነው። ቃል በሌለበት ሙዚቃ ውስጥ ጆሮ ምን ይዞ ይሄዳል? ለመለማመጃ የመረጥነው ቦኖቦ በሚል ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ሳይመን ግሪን በ2010 ያወጣውን "ብላክ ሳንድስ" የተባለ አልበም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከወጣ ቆይቷል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይገኛል፣ አንድ ሰዓትም አይሞላም። በእሱ ላይ የተለማመድነውን ነገ በሚወጣ አዲስ አልበም ላይ እንሠራበታለን።

ስሙ ከየት መጣ

"ዳውንቴምፖ" ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ሙዚቃ ማለት ነው። "ቺል አውት" ደግሞ ረጋ በል፣ ቀዝቀዝ በል እንደ ማለት ነው። ስሙ የወጣው ከጭፈራ ቤት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በለንደን ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩ ለደከሙ ሰዎች ለብቻው ክፍል ይዘጋጅላቸው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ምቱ የላላ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ከበሮ የሌለበት ሙዚቃ ይሰማል። ኬ.ኤል.ኤፍ. የተባለው ቡድን በ1990 ያወጣው አልበም ርዕሱ ራሱ "ቺል አውት" ነው። በስፔን በኢቢዛ ደሴት ደግሞ ካፌ ዴል ማር በተባለው የባሕር ዳር ቤት ሆሴ ፓዲያ የሚባል ዲጄ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማ ሙዚቃ ይመርጥ ነበር፤ ከ1994 ጀምሮ ምርጫዎቹ በሲዲ እየወጡ ብዙ አገር ደረሱ። በብሪስቶል ከተማ ማሲቭ አታክ በ1991 ባወጣው አልበም ሂፕ ሆፕን፣ ሬጌንና ሶልን በዝግታ ቀላቀለ።

እንግዲህ ይህ ሙዚቃ ከመጀመሪያውም ሥራ ነበረው፦ የደከመን ሰው ከጭፈራ አውጥቶ ወደ ቤቱ መሸኘት። የስንፍና ሙዚቃ ነው የሚሉት ይህን ታሪክ ያልሰሙ ናቸው።

ፍጥነቱን ራሳችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። እግራችሁ ሳታዙት የሚመታውን ምት ለ15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። የጭፈራ ቤቱ ሃውስ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ይመታል። ዳውንቴምፖ ደግሞ ከ70 እስከ 110 ገደማ ይሆናል። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ስለሚመታ፣ የዚህ ሙዚቃ ፍጥነት ከልባችን ብዙም አይርቅም።

28 ጊዜ አንድ ነገር?

ወላጆችን የሚያሰለቻቸው ድግግሞሹ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ይደጋገማል። ሙዚቀኛው አራት መስመር ያህል ርዝመት ያለው ድምፅ ይሠራና በኮምፒዩተር ያዞረዋል፤ ይህም "ሉፕ" ይባላል። ሒሳቡን እንሥራው። ፍጥነቱ 90 ከሆነና ሉፑ 16 ምት ከያዘ፣ አንዱ ዙር 11 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 5 ደቂቃ በሚረዝም ሥራ ውስጥ ያ ዙር 28 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሰማል? በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል የተለወጠው ነገር ነዋ! በአምስተኛው ዙር አንዲት ትንሽ ጸናጽል የመሰለች ድምፅ ትገባለች። በዘጠነኛው ቤዙ ለአንድ ምት ዝም ይላል። በአሥራ ሦስተኛው ከበሮው ሁሉ ይጠፋና ሲመለስ ክፍሉ የሰፋ ይመስላል። በግጥም ውስጥ ሐሳቡን ወደፊት የሚወስደው ቃል ነው፤ እዚህ ግን የሚወስደው ይህ ለውጥ ነው። ለውጡን ያልተከታተለ ሰው 28 ጊዜ አንድ ነገር ሰማ። የተከታተለው ግን ሲሠራ የቆየ ቤት አየ።

ቃሉን ሳይረዱ መስማት ደግሞ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። በሲግድ ቀን ቄሶቹ በግዕዝ ሲጸልዩ፣ ነጋሪቱና ቃጭሉ ሲሰማ፣ እዚህ ተወልዶ ያደገ ወጣት ከቃሉ ጥቂቱን ብቻ ቢረዳ ነው። ሆኖም አንዱ ሲመራ ሌሎቹ ሲቀበሉ፣ ድምፁ ከፍ ሲልና ሲመለስ ያውቀዋል። ጸሎትን ከመዝናኛ ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ ጆሮው ግን ያው ጆሮ ነው፣ ሥራውንም ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል።

ጆሮን የት እናሳርፍ

ከቤዙ ጀምሩ። ብዙ ሰው ቤዝን በደረቱ ይሰማዋል እንጂ በጆሮው አይከተለውም። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ግን ዘፋኙ እሱ ነው፤ ከሥር ሆኖ አንድ አጭር ዜማ ይደጋግማል፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ ሙሉውን ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙ። ለዚህ የስልክ ድምፅ ማጉያ አይሆንም፤ ትንሽ ስለሆነ ዝቅተኛውን ድምፅ ሊያወጣው አይችልም። ሙዚቃውን በስልክ ብቻ የሰማ ሰው ግማሹን አልሰማም። ማዳመጫ ስታደርጉም ድምፁን አታስጩኹት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል መስማት ለጆሮ ጉዳት የለውም ይላል፤ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል።

ቀጥሎ "ፊልተር" የሚባለውን ተከታተሉ። ሠርግ ሄዳችሁ ከአዳራሹ ውጭ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ዱም ዱም የሚለው ብቻ ነው። አንድ ሰው በሩን ሲከፍት ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው በአንድ ጊዜ ይወጣል። ፊልተር ያንን በር በእጅ ቀስ አድርጎ መክፈትና መዝጋት ነው። ዳውንቴምፖ የሚሠሩ ሰዎች አንዳንዴ በሩን ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይወስዳሉ፤ ምንም አዲስ ድምፅ ሳይጨመር ሙዚቃው የነጋ ይመስላል።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥና የሕንፃ ደረጃ ላይ ቆማችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ አንድ አይሆንም። ሙዚቀኛው ለእያንዳንዱ ድምፅ እንዲህ ያለ ቦታ ይመርጥለታል፤ ከበሮው አጠገባችሁ፣ ፒያኖው ከሸለቆ ማዶ ሊሆን ይችላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ለዩ።

ከሌላ ሸክላ ተቆርጦ የሚገባ ድምፅም አለ፤ ሳምፕል ይባላል። የእኛም ሙዚቃ በዚህ መንገድ ብዙ ተጉዟል። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 "አዝ ዊ ኤንተር" በተሰኘው ዘፈናቸው ሥር ያዞሩት የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ነው።

አሁን አልበሙን እንክፈት

"ብላክ ሳንድስ" 12 ሥራዎች አሉት። በቅደም ተከተላቸው ስሟቸው፤ ስልኩ እንደፈለገ እንዲያቀላቅላቸው አትፍቀዱ። ምክንያቱ ገና ከመጀመሪያው ይታያል። "ፕሪሉድ" የተባለው መክፈቻ አጭር ነው፤ ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ይጫወታሉ። ወዲያው "ኪያራ" ይቀጥላል፤ የአውታሮቹ ዜማ እዚያ ውስጥ ተቆራርጦ ከከባድ ምት ጋር ይመለሳል። አንደኛውን ዘልሎ ሁለተኛውን የሰማ ሰው ምን እንደተቆረጠ ሊያውቅ አይችልም።

አልበሙ ፈጽሞ ቃል የለውም ማለት አይደለም። አንድሬያ ትሪያና የምትባል ዘፋኝ በሦስቱ ላይ ትዘፍናለች። ከሦስቱ "አይስዳውን"ን ልብ በሉ፤ ድምፅዋ እዚያ ላይ እንደ አንድ መሣሪያ ሆኖ ይቆራረጣል፣ ይደጋገማል። በአማርኛ ልማድ ዘፋኙ ጌታ ነው፣ ባንዱ ይከተለዋል። እዚህ ዘፋኟ ከባንዱ አንዷ ናት። ይህን ወደድነውም አልወደድነው፣ ሌላ ዓይነት ሥርዓት መሆኑን ማወቅ ጥሩ ነው። በበኩሌ የአልበሙ መሐል ላይ ትንሽ የሚላላ ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ ሦስት አራት ሥራዎች እየተመሳሰሉ ያልፋሉ።

መጨረሻው ግን ሁሉንም ይክሳል። የአልበሙን ስም የያዘው የመዝጊያ ሥራ ወደ 7 ደቂቃ ይጠጋል። በጊታር ብቻ ይጀምርና የትንፋሽ መሣሪያዎች ቀስ በቀስ እየገቡ ያድጋል። እስከዚህ ድረስ አብዛኛው በአራት ሲቆጠር ቆይቶ፣ ይሄኛው በሦስት ይቆጠራል፤ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። የእኛ ችክችካ ስድስት ፈጣን ምቶች ያሉት፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል ነው። ቦኖቦ ከኢትዮጵያ ወሰደው ማለት አይደለም፤ በሦስት የሚቆጠር ሙዚቃ በብዙ አገር አለ። ነገር ግን እናታችሁ አጠገባችሁ ካለች ይሄኛውን ከፍታችሁ እጅዋንና ትከሻዋን ተመልከቱ።

ከእኛው ወገን

ቃል አልባ ሙዚቃ በአማርኛ የለም የሚል ካለ የኃይሉ መርጊያን ካሴት ይስማ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘርና ኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ከሰው ይልቅ በማሽን የሚመታ ከበሮን አንድ ላይ አድርጎ "ሸሞንሟናዬ"ን ቀዳ። በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 በድጋሚ ሲታተም ዳውንቴምፖ የሚወዱ የፈረንጅ ወጣቶች ከራሳቸው ሙዚቃ ጋር ዘመድ ሆኖ አገኙት፤ ዝግተኛ ማሽን፣ የሚዞር ቤዝ፣ ከላይ የሚንሳፈፍ ዜማ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የአገር ዘፈን በመሣሪያ ብቻ ሲጫወት ወላጆቻችን ግጥሙን ከራሳቸው ይሞሉታል። አኮርዲዮኑ ዜማውን ሲጀምር ቃሉ በልባቸው ይመጣል፣ ስለዚህ "ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?" አይሉም። ልጆቻቸው ያንን ካሴት ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ድምፁን ብቻ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ካሴት፣ ሁለት የተለያዩ ሙዚቃዎች። የምንናገረው ስለዚህ ክፍተት ነው፤ ከሁለቱም ወገን ሊሞላ ይችላል።

ለጥናትስ?

ብዙዎቻችሁ ይህን ሙዚቃ የምትከፍቱት በመዖኖት ውስጥ መጽሐፍ ስትከፍቱ ነው። ነውር የለውም። ብራያን ኢኖ በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ ሙዚቃ ሲሠራ፣ ለሚያዳምጠውም ለማያዳምጠውም እንዲሆን አስቦ ነበር። በአእምሮ ጥናት ደጋግሞ የታየው ነገር ከጀርባ የሚሰማ ንግግር ንባብንና የቃል ትውስታን እንደሚያውክ ነው፤ ስለዚህ ግጥም የሌለው ከግጥም ይሻላል። ለከባድ ጽሑፍ፣ በተለይ በሦስተኛ ቋንቋችሁ ለሚነበብ፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ዝምታ ነው። በጥናት ሰዓት የሰማችሁትን አልበም ሰማሁት ብላችሁ አትቁጠሩት።

አዲስ አልበም ሲደርሳችሁ እንግዲህ ሦስት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ስልኩን ገልብጣችሁ፣ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ፣ ከአንድ እስከ መጨረሻ። ሁለተኛ ቤዙን ብቻ። ሦስተኛ ወረቀት ይዛችሁ፦ በስንተኛው ደቂቃ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ በሩ የት ላይ ተከፈተ። የቴል አቪቩ ሪጆይሰር በ2018 ያወጣው "ኤነርጂ ድሪምስ" ለዚህ ይመቻል። የሚካኤል ሰይፉ "ዘላለም"ም (2016) አለ፤ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ቤት ድምፅ ጋር ያገናኘ ስለሆነ ከወላጆች ጋር ለመስማት ጥሩ ነው።

ከወላጆች ጋር የምትሰሙ ከሆነ ግን መጀመሪያ "ሸሞንሟናዬ"ን ክፈቱ። በየዜማው ላይ አቁሙና የትኛው ዘፈን እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ግጥሙን እንዲነግሯችሁ አድርጉ፣ በአማርኛ ጻፉት። ከዚያ "ብላክ ሳንድስ" ተራው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቤዙን የምታሳዩአቸው እናንተ ናችሁ።