አልሚ መጠጥ በሕሙማን እንክብካቤና የጾም ሥርዓት

በጤና ትምህርት መርሐ ግብሮቻችን ከካህናትም ከምእመናንም ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሐኪም ለታመመ ሰው ያዘዘው ወተት ያለበት አልሚ መጠጥ በጾም ወራት ይወሰዳልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሰው ሕይወት የሚያርፍበት ጊዜ አለና በዚህ ዕትም በአጭሩ እንማማርበታለን።

አልሚ መጠጥ ምንድን ነው?

ሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ ኤችአይቪ ወይም ከባድ ቀዶ ሕክምና ያደከመው ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ሰውነቱ ግን ደዌውን ለመቋቋምና ቁስሉን ለመጠገን ምግብን አብዝቶ ይሻል። የሚፈልገውን ሲያጣ የገዛ ጡንቻውን ይጨርሳል፤ ቁስሉ ሳይድን ይቆያል፤ ሕክምናውንም መሸከም ያቅተዋል። አልሚ መጠጥ ኃይል ሰጪ ምግብን፣ ፕሮቲንን፣ ቫይታሚንንና ማዕድናትን በጥቂት መጠን አሰባስቦ የያዘ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጠው ዓይነት በ200 ሚሊ ሊትር 300 ኪሎ ካሎሪ ያስገኛል። የብዙዎቹ ፕሮቲን ከወተት የተገኘ ሲሆን ከአኩሪ አተር የሚዘጋጁም አሉ።

እንዴት ይወሰዳል?

1. የማዕድ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለምና በቁርስ፣ በምሳና በራት መካከል ይሰጥ።
2. በአንድ ትንፋሽ ከመጨለጥ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት ለሆድ ይስማማል።
3. ዱቄቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ፤ የተከፈተውም ክፍት ሆኖ አይደር።
4. የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ መዋጥ የሚቸግረው፣ ለብዙ ቀናት ሳይበላ የቆየም ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይጀምር።

መጠጡ በማይገኝበት ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ በሆነበት ቤት ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት የተሠራ፣ በወተት ወይም በኦቾሎኒ የዳበረ አጥሚት ሕሙሙን ይደግፈዋል።

ስለ ጾሙስ?

ጾም ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት የተሠራ ሥርዓት እንጂ በደዌ የወደቀውን የሚያስጨንቅ ቀንበር አይደለም። ስለ ጾም የሚናገረው የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ሕሙማንን ከግዴታው ለይቷል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። አምስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸውም ይታወሳል። ስለዚህ ለድኅነት የታዘዘውን የሚወስድ ሕሙም ጾም ሻረ አይባልም። ከአኩሪ አተር የተሠራው ከተገኘና ሐኪሙ ከፈቀደ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ግን ሕክምናው ፋሲካን አይጠብቅም። ሥጋ ወደሙን ለመቀበል የሚዘጋጅ ሕሙም የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። ጸሎት፣ አንደበትን መግታትና ምጽዋት ለእርሱም የተከፈቱ የጾም በሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ማወቅ ብቻውን ኅሊናን አያሳርፍም። ነርሷ ብትመክረውም የንስሐ አባቱን ቃል ሳይሰማ ጽዋውን የማይነካ ምእመን ብዙ ነው፤ አፍሮም አይጠይቅም። እንግዲህ ካህናት አባቶቻችን እንደ ሐዋርያው ያዕቆብ ትምህርት (ያዕ. 5፥14) ወደ ሕሙም ሲጠሩ ከጸሎቱ በኋላ «ሐኪም ምን አዘዘልህ? ትወስደዋለህን?» ብለው አስቀድመው እንዲጠይቁ፣ ባርከውም እንዲያስጀምሩት በልጅነት ትሕትና እናሳስባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።