ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የሥራን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ማስረዳት ታሪክን ከመተረክ ይለያል። ተራኪ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ቢመለስ አንባቢው ይደነቃል እንጂ አይጎዳም። የሥራን ሂደት የሚያስረዳ ጸሐፊ ግን አንዱን ደረጃ ያለ ቦታው ቢያስገባ፣ ጽሑፉን አምኖ የሚሠራው ሰው ንብረት ይበላሻል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ቅደም ተከተሉን እየተከታተላችሁ አንብቡ።

የመስተዋት ጎማና የመኪና ቀለም

መኪና ሲቀባ በቸልታ ከሚታለፉት ክፍሎች አንዱ የመስተዋቱ ዙሪያ ነው። ለምሳሌ ቮልስዋገንን እንውሰድ። ይህች ትንሽ መኪና መመረቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢያበቃም፣ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም አልጠፋችም። የፊትና የኋላ መስተዋቶቿ በማጣበቂያ የተያዙ አይደሉም፤ ዙሪያቸውን የሚከብ ወፍራም ጎማ በአንደኛው ቦይ መስተዋቱን፣ በሌላው ቦይ የላሜራውን ጠርዝ ነክሶ ይይዛል። በአንዳንዶቹም ላይ የሚያብረቀርቅ ጌጥ በጎማው ውስጥ ይገባል።

ችኩል ቀለም ቀቢ ጎማውን ሳያወጣ ዙሪያውን በፕላስተርና በጋዜጣ ሸፍኖ ይረጫል። ባለቤቱ በሚረከብበት ዕለት ሥራው ያማረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ከጎማው ከንፈር ሥር ስለማይገባ እዚያው መስመር ላይ ያበቃል። ውሃ በመስመሩ ይሰርጋል፤ ከሥር የተደበቀው ዝገትም አዲሱን ቀለም ከውስጥ እየገፋ ያሳብጠዋል፤ በመጨረሻም ይላጣል።

ጠንቃቃው ሠራተኛ ግን ረዳቱ ከውጭ መስተዋቱን ደግፎ እንዲይዝ ካደረገ በኋላ፣ የጎማውን ከንፈር ከውስጥ በኩል በደነዘዘ መሣሪያ እያላቀቀ ከላይኛው ማዕዘን ጀምሮ በመዳፉ ይገፋል። ጎማው በእርጅና ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ለማትረፍ መድከም ከንቱ ነው፤ ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይሻላል። ጌጡን የሚያወጣው መስተዋቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጣመመ በቀላሉ አይቃናምና። ከዚያ ዝገቱን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ፍቆ፣ የዝገት መከላከያ ቀብቶ፣ ቀለሙን ይረጫል። ቀለሙ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ መስተዋቱን አይመልስም።

በሚመልስበት ጊዜ አስቀድሞ ጎማውን ከነጌጡ በመስተዋቱ ላይ ይገጥማል። የላሜራውን ጠርዝ በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ጠንካራ ሲባጎ ያስገባና በሳሙና ውሃ ያርሰዋል። ረዳቱ ከውጭ ሲጫን፣ እርሱ ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ የጎማው ከንፈርም ጠርዙን እየዘለለ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ዘዴ በማጣበቂያ ለተያዙት የአዳዲስ መኪኖች መስተዋቶች አያገለግልም።

የሰዋስው ማብራሪያ

«ፍቆ»፣ «ቀብቶ» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጽ «ይረጫል» ነው። ቦዝ አንቀጾች ሲደረደሩ ሥራው በተደረደሩበት ተራ እንደ ተፈጸመ ይታሰባል። «ቀብቶ፣ ፍቆ» ብንል ሰዋስው አልጣስንም፤ ዝገት ላይ ቀባን እንጂ። ነገር ግን ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ ቅድሚያን አያመለክትም፤ «ደግፎ እንዲይዝ» በሚለው ውስጥ መደገፉና መያዙ በአንድ ጊዜ የሚሆኑ ናቸው። «ሳያወጣ» የሚለውንም ልብ በሉ፤ ሁለቱን ሠራተኞች የለየው ይህ አንድ አሉታዊ ቃል ነው።

የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት፦ «ጎማውን ከመስተዋቱ ሲያላቅቀው ተሰነጠቀ።» የተሰነጠቀው የትኛው ነው? ሁለቱም ስሞች ተባዕት ስለ ሆኑ ግሡ አይለይልንም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሙን መድገም ነውር አይደለም።

መልመጃ

ሀ. ከላይ የተጠቀሰውን አሻሚ ዐረፍተ ነገር ሁለት ልዩ ልዩ ትርጉም እንዲኖረው አድርጋችሁ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

ለ. ከምንባቡ «እስኪ… ድረስ» እና «ከ… በኋላ» የሚሉ አገባቦች ያሉባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጡ። አገባቡ ቢቀር ሠራተኛው ምን ሊሳሳት እንደሚችል አስረዱ።

ሐ. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ መርጣችሁ በሁለት አንቀጽ ግለጹ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት፤ አንብቦ «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቀበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት።