የጎርፍና የአፈር ጥበቃ የሙያ ካርድን ስለ ማደስ

በዚህ በካኩማ ካምፕ በአገር ቤት በመንገድ ሥራና በሕንፃ ግንባታ ላይ የቆዩ ፎርማኖችና ቀያሾች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱም ወደ ሲያትል ተሻግረው በዚያው ሙያ የተቀጠሩ አሉ። በዛሬው የሙያ ትምህርት ዓምዳችን በዚያ አገር የግንባታ ቦታ ስለሚጠየቅ አንድ ካርድ እንመለከታለን።

ሲያትል የሚገኝበት የዋሽንግተን ስቴት ምዕራባዊ ክፍል ክረምቱን ሙሉ ይዘንብበታል። ተቆፍሮ ራቁቱን የቀረ መሬት አፈሩ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ደለሉም ሳልሞን የተባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር ይደፍናል። ስለዚህ ጎርፉ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ የሚወርድ ከሆነ፣ 1 ኤከር (4,000 ካሬ ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ የሚቆፍር ተቋራጭ ከስቴቱ የኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያወጣል፤ ካርድ ያለው የአፈር መሸርሸር ተቆጣጣሪም ይመድባል። ተቆጣጣሪው በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ውሃ ከቦታው በወጣ ጊዜም በ24 ሰዓት ውስጥ ዞሮ ይመረምራል፤ ያየውንም ይመዘግባል።

ካርዱን ለማግኘት የ16 ሰዓት ሥልጠና ይወሰዳል። የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው። ጊዜው ሳያልፍ የ8 ሰዓት ማደሻ ትምህርት የወሰደ ይታደስለታል፤ ያሳለፈ ግን 16ቱን ሰዓት እንደ አዲስ ይማራል፣ ይከፍላልም።

አንድ ወገናችን የደረሰበትን እንንገራችሁ። ካርዱ ላይ የማብቂያው ቀን 04/09 ይላል። እርሱ እዚህ ኬንያ እንደለመደው ቀኑን አስቀድሞ አነበበና ሴፕቴምበር 4 ነው ብሎ ተቀመጠ። አሜሪካውያን ወሩን ያስቀድማሉ፤ ቀኑ ኤፕሪል 9 ነበር። በኦገስት ወር ሊያድስ ሲሄድ አራት ወር አልፎታል። ፈቃዱ ካርድ የያዘ ሰው ሁልጊዜ በቦታው ወይም በጥሪ እንዲገኝ ስለሚያዝ አሠሪው ሌላ ሰው ተካበት። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ማሰብ ለለመደ ሰው ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። እንግዲህ ካርድ የያዛችሁ የወሩን ስም በፊደል ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት።

የማደሻው ትምህርት ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። ፈቃዱ በየ5 ዓመቱ እንደገና ስለሚወጣ ደንቡ ይለወጣል። ልኬቱም ይረሳል፦ ከ5 ኤከር በታች በሆኑ ቦታዎች የሚወጣው ውሃ በግልጽ ቱቦ ሊለካ ይችላል። የቱቦው የታች ምልክት በ33 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከታየ ደህና ነው። ካልታየ ጥበቃው መሻሻል አለበት። 6 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ይነገራል። በምዕራቡ ክፍል ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ሥራ ያልተሠራበት ራቁት አፈር ከ2 ቀን በላይ ሳይሸፈን አይቆይም፤ በበጋው 7 ቀን ይፈቀዳል።

በአገር ቤት እርከንና ክትር የሠራችሁ ሥራው አይከብዳችሁም፤ የሚከብደው መዝገቡ ነው። በሚቀጥለው እትማችን የምርመራ ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ እናሳያለን። ጥያቄ ያላችሁ በጽሑፍ አድርሱን።