ስለ አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ፤ ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት የሚገኝ ትምህርት

ማረሻ ብቻውን አያርስም። ብረቱ የሰላ ቢኾን እንኳ በሬውን የሚመራና መሬቱን የሚያውቅ ገበሬ ከሌለ ትልሙ ይጣመማል፤ ዘሩም ይባክናል። የትምህርት መሣሪያም እንደዚሁ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር፥ ኢንተርኔት፥ የተቀረጸ ድምፅና ሥዕል፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውም ለማስተማሪያ እየገባ ስለ ኾነ፥ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና መሬት የያዙ ሰዎች ቦታ ስጡ፥ መብራት አስገቡ፥ ገንዘብ አዋጡ ተብለው ይጠየቃሉ። ስለዚህ ትምህርትን የሚያጸናውን መሣሪያ፥ የዕቃ ቤት ጌጥ ኾኖ ከሚቀረው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህም ምሳሌ የሚኾን ነገር በጋይንት አገር በቤተ ልሔም ይገኛል።

ቤተ ልሔም ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ ያለች ደብር ናት። በኢትዮጵያ የታወቀችውም በድጓ ምስክርነቷ ነው፤ ድጓን በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው እንኳ መምህር ተብሎ ወንበር ከመዘርጋቱ በፊት ወደ እርሷ ሄዶ ማስመስከሩ የቆየ ልማድ ነው። ድጓ ማለት በስድስተኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ እንደ ተገኘ የሚነገርለት፥ የዓመቱን በዓላት ኹሉ የሚያዳርስ የዜማ መጽሐፍ ነው፤ በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይም ይዜማል።

ይህ ዜማ ብዙ ዘመን ሲተላለፍ የኖረው ከአፍ ወደ ጆሮ ነበረ። ነገር ግን በግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ብዙ ሊቃውንትም አለቁ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፥ ከዚያ በኋላ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይተረካል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከቃሉ በላይ ደቃቅ ፊደሎች ይጻፋሉ፤ እያንዳንዳቸውም ተማሪው ዜማውን አስቀድሞ ያጠናውን አንድ ሐረግ በአጭሩ ያስታውሳሉ። ከእነዚህም ጋራ ይዘት፥ ደረት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁ የሚያዝበትን፥ ዝቅ የሚልበትን፥ የሚንቀጠቀጥበትንና የሚቆረጥበትን ስፍራ ያመለክታሉ።

ይህ በዘመኑ አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ ነበረ። ኾኖም ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ። ምልክቱ ከመምህር ላልተማረ ሰው ምንም አይናገርም። ተማሪው ያዜማል፤ መምህሩ ይሰማል፤ የተሳሳተውንም ያርማል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። እንግዲህ መሣሪያው የመታሰቢያን ሸክም አቀለለ እንጂ የመምህሩን ወንበር አልወሰደም። ከ400 ዓመት በላይ ጸንቶ የኖረውም ስለዚህ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ድጓ በብራና ለመጻፍ የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ይነከራል፥ ይወጠራል፥ ይፋቃል። ተማሪውም ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ ከገበሬው ደጅ እህል እየለመነ ይማራል። መጽሐፉን የሰጠው የገበሬው በረት፥ ተማሪውንም ያኖረው የገበሬው ጎተራ ነው ማለት ነው፤ አዝመራ በጠፋ ጊዜ ተማሪው ይበተናል። የእርሻ ነገርና የትምህርት ነገር የማይለያዩ መኾናቸው ከዚህ ይታወቃል።

የቅርቡም ዘመን ይህነኑ ያስተምራል። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ወደ ኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፥ ትምህርቱ ለኹሉ በአንድ ፍጥነት ይሄድ ስለ ነበረ ያልገባው ተማሪ አቁሞ ሊጠይቅ አልቻለም፤ መምህሩም ወደ ዳር ቆመ፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አለፈ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ በኢንተርኔት የተላከው ትምህርት መብራትና መስመር ላለው ደረሰ፥ በገጠር ያለው ግን ብዙው ቀረበት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ኹሉ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር እንዲፈተኑ ተደረገ። እንግዲህ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ወደ ጀመረው ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የሚሄድ ልጅ ኮምፒውተር ሳይነካ ያደገ እንደ ኾነ፥ ዕውቀት ሳያንሰው በመሣሪያው ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል።

መልካም ምሳሌም አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ለገበሬዎች ከፈተ። ፊደል የማያውቅ ገበሬ እንኳ ደውሎ ስለ ጤፍ፥ ስለ ስንዴ፥ ስለ በቆሎ አዘራርና አያያዝ በሚገባው ቋንቋ ይሰማል፤ ካልገባውም ደግሞ መስማት ይችላል። ይህም ከአፍ ወደ ጆሮ የሚደረግ ትምህርት ነው። ነገር ግን ስልኩ የገበሬውን ማሳ አያይም፤ ተባዩን በዓይኑ አይቶ የሚመክር የግብርና ሠራተኛ በቀበሌው ሊኖር ግድ ነው።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ሹማምንት አራት ነገር ሊመረምሩ ይገባቸዋል።

መጀመሪያ፤ መምህሩ መሣሪያውን ተምሮታልን? ካልተማረ፥ ከግዢው በፊት የመምህሩ ትምህርት ይቅደም።

ኹለተኛ፤ ተማሪው ጥያቄ የሚጠይቅበት፥ ስሕተቱም የሚታረምበት መንገድ አለን? ሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ጽፎ ቢሰጥ፥ ተማሪው መልሱን ገልብጦ ከማቅረብ በቀር በቃሉ አስረድቶ ካልተመሰከረለት ተማረ አይባልም።

ሦስተኛ፤ መብራቱ ሲጠፋ ትምህርቱ በምን ይቀጥላል? መሣሪያው ሲሰበርስ የሚጠግነው ማን ነው?

አራተኛ፤ የድኻው ልጅ ከመሣሪያው ይደርሳልን? ተማሪው ከመንደሩ ሳይወጣ በወረዳው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር እንዲለምድ ማድረግ የዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይኾን የአገር ገዥውም ሥራ ነው።

እነዚህን አራቱን ሳይመረምር ብዙ መሣሪያ የሚያስገባ ሹም የሕዝቡን ገንዘብ ለአቧራ ይሰጣል። መርምሮ ጥቂቱን በደንብ የሚያስገባ ግን፥ የገበሬው ልጅ ተምሮ ለአባቱ ማሳ መድኃኒት ይዞ ሲመለስ ያያል።